ኪሾር ኩማር ዘፋኝ ነው ወይስ አክተር?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከአባቴ ጋር የድሮ የህንድ ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ እያየን ነው። እሱ በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያያቸው ናቸው። አባቴ የሚዘፍነው አክተሩ ራሱ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። እኔ ግን ሳየው ራጀሽ ካናም ሲዘፍን፣ አሚታብም ሲዘፍን፣ ዴቭ አናንድም ሲዘፍን ከሥር የተጻፈው ስም ኪሾር ኩማር ነው። ይባስ ብሎ ኪሾር ኩማር የሚባል ሰው ዋና አክተር የሆነበት ኮሜዲ አገኘሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው? ሰውየው መጀመሪያውኑ ምንድን ነው? የእሱን ፊልም እንይ ብንልስ ከየት እንጀምር?»

አንድ ሰው ነው። ክርክሩን በተመለከተ ደግሞ አባትዎ በኪሾር ላይ ልክ ናቸው፣ እርስዎ በቀሩት ላይ ልክ ነዎት። ኪሾር በራሱ ፊልም ላይ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ ኋላ እመጣበታለሁ። ራጀሽ ካናና ዴቭ አናንድ ግን ያንቀሳቀሱት ከንፈራቸውን ነው።

እኔ የምውለው ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሆነ ከአሠራሩ ልጀምር። እሱ ግልጽ ካልሆነ የሰውየውም ሕይወት ግራ ያጋባል።

የህንድ ፊልም አፍ የፈታው በ1931 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም «አላም አራ» ሰባት ዘፈኖች ነበሩት። ያኔ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ቆሞ እዚያው ይዘፍናል። ሙዚቀኞቹ ካሜራው በማያያቸው ቦታ ተሸሽገው ያጅቡታል። አንዱ ቢያስነጥስ እንደገና ከሀ ነው። ስለዚህ መልክ ኖሮት ድምፅ የሌለው ሰው ዋና ተዋናይ መሆን ይቸግረው ነበር። በ1935 ካልካታ ያለው ኒው ቲያትርስ ስቱዲዮ ሌላ ዘዴ አመጣ። ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረጻል፣ ፊልሙ ሲነሳ ቀረጻው ይለቀቃል፣ ተዋናዩ ከንፈሩን ያስተካክላል። ፕሌይባክ የምንለው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ፊትና ድምፅ የግድ የአንድ ሰው መሆናቸው ቀረ።

ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ያየ ሰው አንድ ፊት በሌላ ሰው ድምፅ ሲናገር አይደንቀውም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በድራማው ምስሉ አልቆ ነው ድምፅ የሚገጠምለት። በህንድ ዘፈን ግን ድምፁ ይቀድማል። ተዋናዩ የዘፋኙን ትንፋሽ፣ ሳቅና ማመንታት ሰምቶ ነው ፊቱን የሚያዘጋጀው። ማለትም ካሜራው ሳይነሳ ዘፋኙ የትወናውን ግማሽ ጨርሶ ሄዷል። ኪሾርን ከእኩዮቹ የለየውም ይህን ግማሽ ሥራ እንደ ተዋናይ መሥራቱ ነው ብዬ አምናለሁ። በሙዚቃ ትምህርት የሚበልጡት ብዙ ነበሩ። ስቱዲዮ ገብቶ የሚዘፍንለትን ሰው የሚሆን ግን እንደ እሱ አላየሁም።

የተወለደው ኦገስት 4 ቀን 1929 ካንድዋ በምትባል፣ ዛሬ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ ባለች ከተማ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አባስ ኩማር ጋንጉሊ ነው። ቤተሰቡ ቤንጋሊ ነው፣ አባቱ ጠበቃ ነበሩ። ከአራት ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። የመጀመሪያው አሾክ በ1911 ስለተወለደ በሁለቱ መካከል 18 ዓመት አለ፤ አሾክ አባት ሊባል የሚችል ወንድም ነበር። አሾክ ቦምቤይ ቶኪስ በሚባለው ስቱዲዮ የፊልም ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ሳለ በ1936 በአጋጣሚ ተዋናይ ሆነና በጥቂት ዓመት ውስጥ የአገሩ ትልቅ ኮከብ ወጣው። ከዚያ በኋላ ካንድዋ ላለው ትንሽ ልጅ ዕጣው ተቆረጠለት፤ ወንድምህ ተዋናይ ነው፣ አንተም ተዋናይ ትሆናለህ።

ልጁ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳይጋልን ይኮርጃል። ኬ.ኤል. ሳይጋል የ1930ዎቹ ትልቁ ተዋናይ-ዘፋኝ ነው። ታይፕራይተር እየሸጠ ይኖር የነበረ፣ ከዚያ በካልካታ ፊልም ታዋቂ የሆነ ሰው። ማይክሮፎን መጮህ እንደማያስፈልገው የገባው እሱ ነው፤ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ይዘፍን ነበር። አሾክ አንድ ጨዋታ ይናገር ነበር። ኪሾር በልጅነቱ ድምፁ የሻከረ ነበር፤ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሲሮጥ በአትክልት መክተፊያ ስለት እግሩን ተቆረጠና ለቀናት እሪ ብሎ አለቀሰ፣ ለቅሶው ሲያበቃ ድምፁ ጠርቶ ወጣ። ሐኪም ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ቤተሰቡ ግን አምኖበታል።

ወደ ቦምቤይ መጥቶ በ1946 በአሾክ ፊልም ውስጥ ትንሽ ቦታ ተሰጠው። የመጀመሪያ ዘፈኑን ያገኘው በ1948፣ «ዚዲ» ለሚባል ፊልም ነው። ዜማ ደራሲው ኬምቻንድ ፕራካሽ፣ ከንፈር አንቀሳቃሹ ገና ወጣት የነበረው ዴቭ አናንድ። ዛሬ ይፈልጉና ያዳምጡት። ኪሾር አይደለም የሚዘፍነው፣ ሳይጋል ነው! ሳይጋል ከዓመት በፊት ሞቷል፣ ልጁ እሱን ለብሶ ቀርቧል። በዚያ መንገድ ቢቀጥል ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አልነበረም፤ ያኔ ሳይጋልን የሚኮርጅ ወጣት በየመንገዱ ነበር።

ያዳነው ኤስ.ዲ. ቡርማን ነው። ይህ ዜማ ደራሲ አሾክ ቤት ሲመጣ ልጁ ሲያንጎራጉር ሰማውና የሳይጋልን ትተህ የራስህን አምጣ አለው። ኪሾርም አመጣ። ያመጣው ግን የህንድ ነገር አልነበረም፤ ዮድሊንግ ነው። የአውሮፓ ተራራ እረኞች የሚጠሩበት፣ ድምፅን ከደረት ወደ ራስ በድንገት እየሰበሩ የመመላለስ ስልት። የአሜሪካዊው ጂሚ ሮጀርስና የቴክስ ሞርተን ሸክላዎች ላይ ሰምቶ ያዘው። በ1971 ራጀሽ ካና ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ የሚዘፍንበትን ዘፈን አይተው ከሆነ፣ መሀሉ ላይ ያለው ያ «ኡዴሊ ኡዴሊ» እሱ ነው።

ቤተሰቡ ግን ትወናውን አልተወውም። በ1950ዎቹ ኪሾር ሳይወድ ተዋናይ ሆነ። ሥራውን እንዲያስቀሩት ሆን ብሎ ያበላሽ እንደነበር፣ የሚያስለቅስ ትዕይንት ላይ ዮድል እያደረገ ዳይሬክተሩን ያናድድ እንደነበር ራሱ በኋላ አውርቷል። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ሕዝቡ ይኼ ሰውዬ ያስቃል አለ። ፊልሞቹ ገበያ አገኙ፤ እንዲያባርሩት የፈለጋቸው ሰዎች እግሩ ሥር ወደቁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1954 ቢማል ሮይ «ናውክሪ» የተባለ ፊልም ሲሠራ ዋና ተዋናዩ ኪሾር ነው። ዜማ ደራሲው ሳሊል ቾውዱሪ ግን ሙዚቃ አልተማረም ብሎ ዘፈኑን ለዘፋኙ ሄማንት ኩማር ሊሰጥ ነበር። ማለትም ኪሾር በራሱ ፊት ላይ የሌላ ሰው ድምፅ ሊለጠፍበት ነው። ለምኖና ደጅ ጠንቶ ነው የተፈቀደለት። እውነት ለመናገር ሳሊልም አልተሳሳተም፤ ኪሾር ራጋ የሚባለውን የህንድ ክላሲካል ዜማ ሥርዓት በወጉ አልተማረም። የህንድ ዜማ ደራሲ ደግሞ ራጋ ያልተማረን ሰው የሚያየው የኛ የቅኔ መምህር ቆሎ ትምህርት ቤት ያልረገጠን ባለቅኔ ነኝ ባይ እንደሚያየው ነው።

ቀደም ብዬ «ሁልጊዜ አይደለም» ያልኩት እዚህ ጋ ነው። በ1958 «ራጊኒ» ውስጥ፣ በዓመቱም «ሻራራት» ውስጥ፣ ኪሾር ስክሪኑ ላይ አፉን ሲከፍት የሚወጣው የመሐመድ ራፊ ድምፅ ነው። የዘመኑ ትልቁ የወንድ ድምፅ ራፊ ነበር፣ የ«ራጊኒ»ው ዘፈን ደግሞ ክላሲካል ሥልጠና ይጠይቃል። አንድ ዘፋኝ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ! አባትዎን በዚህ ቢሞግቷቸው ማምለጫ የላቸውም።

1958 ግን የውርደት ዓመት ብቻ አልነበረም። «ቻልቲ ካ ናም ጋዲ» የወጣው ያኔ ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች አሾክ፣ አኑፕና ኪሾር የጋራዥ ባለቤት ወንድማማቾች ሆነው ተውነዋል። መኪናቸው የ1928 ሸቭሮሌ ነው፣ ከሚሄድበት የሚቆምበት የሚበዛ። በአንድ ዝናባማ ሌሊት ተዋናይቷ ማዱባላ የተበላሸ መኪናዋን እየጎተተች ትገባለች፤ ከእግር እስከ ራሷ ረጥባለች። ኪሾር ብቻውን ነው፣ እንቅልፉን ነው የተቀሰቀሰው። መኪናውን እየነካካ መዝፈን ይጀምራል። ያንን ትዕይንት ድምፁን ከፍ አድርገው ይስሙት። ቁልፉና ብረቱ የሚመታው ምት ላይ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው ዝቅ ብሏል፣ እሷ ዞር ስትል ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ልጅቱ ላይ ዓይኑን ጥሏል፣ ግን መካኒክ ነው፣ ደንበኛ ናት፣ ሌሊት ነው። ይህን ሁሉ የሚነግረን ዜማው አይደለም፤ ድምፁ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታ ነው። ልጅቱ ሒሳቧን ሳትከፍል ትሄዳለች፤ አምስት ሩፒና አሥራ ሁለት አና (አና የሩፒ ዝርዝር ነው)። ፊልሙ በሙሉ ይቺን ሒሳብ ፍለጋ ይነሳል። ኪሾር ኢንዶር ኮሌጅ ሲማር በካንቲን የተበደራት ዕዳ ልክ ይቺ ነበረች፣ ባለ ካንቲኑ ሲጠይቀው በዜማ እያሾፈ ይመልስለት ነበር ይባላል።

ከማዱባላ ጋር በ1960 ተጋቡ። የመጀመሪያ ሚስቱ ተዋናይትና ዘፋኝ ሩማ ጉሃ ነበረች፤ ዘፋኝ የሆነው ልጁ አሚት ከእሷ ነው። ማዱባላ በዘመኗ ከህንድ ሲኒማ ቆንጆ ማን ናት ሲባል ቀድማ የምትጠራ ነበረች። ልቧ ግን ሲፈጠር ጀምሮ ቀዳዳ ነበረበት። ለንደን ድረስ ለሕክምና ሄደው ሐኪሞቹ ሁለት ዓመት ያህል ነው ያላት አሉ። ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ አብዛኛውን አልጋ ላይ፣ በአባቷ ቤት። ኪሾር በደንብ አልጠየቃትም የሚሉ አሉ፣ ሕክምናዋን ችሎ ኖሯል የሚሉም አሉ። ትዳርን ከውጭ ሆኖ መፍረድ ይከብዳል፣ እኔም አልገባበትም። በፌብሩዋሪ 1969 በ36 ዓመቷ ሞተች።

ከዚህ በፊት የመጣውን «ሃፍ ቲኬት» ሳልነግርዎ አላልፍም። 1962 ነው፤ ኪሾርና ማዱባላ አብረው አሉበት። ኪሾር የባቡር ትኬት በግማሽ ዋጋ ለመግዛት ቁምጣ ለብሶ ሕፃን ነኝ የሚል ጎረምሳ ሆኗል። የአልማዝ ዘራፊው ፕራን ያሳድደዋል። አንድ ቦታ ላይ ኪሾር የሴት ልብስ ለብሶ ከፕራን ጋር የፍቅር ቅብብል ይዘፍናል። የወንዱን ኪሾር፣ የሴቷን ላታ ማንጌሽካር ሊዘፍኑት ታስቦ ነበር። በቀረጻው ቀን ላታ አልነበረችም። ኪሾር እኔ ሁለቱንም ልዝፈነው አለ። ዘፈነውም፤ ሴቷን ቀጠን ባለ፣ በሚያሽኮረምም ድምፅ፣ ወንዱን በወፍራም፣ በሚያስፈራራ ድምፅ፣ አንዱ ትንፋሽ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ። በሙያዬ ስሰማው የሚገርመኝ ድምፁን ማቅጠኑ አይደለም፤ ያንን ብዙ ቀልደኛ ያደርገዋል። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ መሰማማታቸው ነው። ሴቷ ስትመልስ ወንዱ ያለውን ሰምታ ነው የምትመልሰው። ዜማ ደራሲው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሳሊል ቾውዱሪ፣ በ1954 አልተማረም ብሎ ሊያስወጣው የነበረው።

ከዚያ በኋላ ትወናው ተዳከመ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፊልሞቹ አልሸጥ አሉ፣ የገቢ ግብር ዕዳም ተጫነው፤ ለዓመታት በመድረክ ዝግጅት እየዞረ ከፍሏል። በ1964 ግን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ዜማውን ሠርቶ «ዱር ጋጋን ኪ ቻዎን ሜን» የተባለ የሐዘን ፊልም አወጣ። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ቤተሰቡ በእሳት አልቆ፣ የተረፈው ልጁ ከድንጋጤ ዲዳ ሆኖ ያገኘ ወታደር ታሪክ ነው። ልጁን የተጫወተው የራሱ ልጅ አሚት ነው። ኮሜዲውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ቢያይ ይደነግጣል። በዚያው ዓመት ሳትያጂት ራይ «ቻሩላታ» ለተባለው ፊልሙ የቤንጋሊውን ባለቅኔ የታጎርን ዘፈን እንዲዘፍንለት መረጠው። ራይ ሙዚቃ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በቀላሉ የማይረካ ሰው ነበር። ራጋ አልተማረም የሚለውን ክስ ለእኔ የዘጋው ይህ ምርጫ ነው።

በ1968 «ፓዶሳን» መጣ፤ ለጥያቄዎ መልሱን ከእኔ በተሻለ የሚያስረዳው ፊልም። ታሪኩ ስለ ፕሌይባክ ነው ማለት ይቻላል። ቦላ የሚባል የዋህ ሰው (ሱኒል ደት) የጎረቤት ልጅ (ሳይራ ባኑ) ይወዳል። እሷ ደግሞ ሙዚቃ ወዳድ ናት፣ የሙዚቃ መምህሯ (መህሙድ) ከመስኮት መስኮት እያዜመ ሊወስድበት ነው። ቦላ አንድ መስመር መዝፈን አይችልም። ጓደኛው ቪድያፓቲ፣ ማለትም ኪሾር፣ መላ አለው። ቦላ መስኮቱ ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ኪሾር ከጀርባው ተደብቆ ይዘፍናል። ተመልካቹ ሁለቱንም በአንዴ ያያል፤ አንዱ ላብ እያሰመጠው አፉን ሲያንቀሳቅስ፣ ሌላው ጫቱን ከጉንጩ ሳያወጣ... ይቅርታ፣ የነሱን የሚታኘክ ቅጠል ማለቴ ነው፣ ፓን ይሉታል፣ ጉንጩን ወጥሮ ሲያዜም። የህንድ ሲኒማ ለ30 ዓመት ሲደብቀው የኖረውን ነገር መጋረጃውን ገልጦ ቀለደበት።

በዚያ መስኮት ለመስኮት ውድድር የመህሙድ ድምፅ ማና ዴይ ነው። ማና ዴይ ክላሲካል የጠገበ ዘፋኝ ነው። በታሪኩ መሠረት ግን በኪሾር መሸነፍ አለበት። ኪሾር በሥልጠና አይደርስበትም፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄደ። ይቀልዳል፣ ቃል ይሰባብራል፣ እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ ምቱን ትቶ ወጥቶ ባልተጠበቀ ቦታ ይመለሳል። ዜማው የአር.ዲ. ቡርማን ነው፣ የኤስ.ዲ. ልጅ።

ከዚያ 1969። ማዱባላ በዓመቱ መጀመሪያ ሞታለች። በዓመቱ መጨረሻ «አራዳና» ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ሻክቲ ሳማንታ፣ ዜማው የኤስ.ዲ. ቡርማን፣ ተዋናዮቹ ራጀሽ ካናና ሻርሚላ ታጎር። አባትዎ ጂፕ ላይ ሆኖ ከባቡሩ ጎን ለጎን እየሄደ የሚዘፍነውን ልጅ ሳያስታውሱ አይቀሩም። የዳርጂሊንግ ትንሿ የተራራ ባቡር ናት። ሻርሚላ ያኔ በሌላ ቀረጻ ተይዛ ስለነበር ባቡሩ ውስጥ ያለችበት ክፍል ለብቻው ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተነሳው። ሁለቱ ያን ቀን አልተያዩም ማለት ነው። ድምፁ የኪሾር፣ ጂፑ ዳርጂሊንግ፣ ልጅቱ ቦምቤይ። እኛ ግን ሦስቱም አንድ ቦታ ያሉ መስሎን ኖርን።

በ«አራዳና» ውስጥ ራፊም ሁለት ዘፈን አለው፣ ያማሩ ናቸው። አገሩን ያናወጠው ግን የኪሾር ነው። የዝናቡና የእሳቱ ዘፈን፣ በአንድ ያልተቆረጠ ቀረጻ የተነሳው፣ የመጀመሪያውን የፊልምፌር የምርጥ ወንድ ዘፋኝ ሽልማት አመጣለት። በጠቅላላው ስምንት ጊዜ ወስዷል፤ በዚያ ዘርፍ ከእሱ በላይ የወሰደ የለም። ራጀሽ ካና ኮከብ ሆነ፣ ኪሾርም ድምፁ ሆነ። በ40 ዓመቱ፣ ፊቱ ከስክሪን እየጠፋ ሳለ።

ያልወደደው ትወና ለሃያ ዓመት ያስተማረው ነገር የጠቀመው እዚህ ጋ ነው። ለዴቭ አናንድ ሲዘፍን ድምፁ ቀላል ነው፣ ኮፍያውን ዘመም እንዳደረገ ሰው። ለራጀሽ ካና ያለሰልሰዋል፣ ቃላቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይተዋል፤ ካና በዓይኑ ሽፋሽፍት ነው የሚተውነው። አሚታብ ሲመጣ ወደ ደረቱ ወርዶ ያወፍረዋል። ስሙን ሳያዩ ማን ላይ እንደተቀረጸ መገመት ይቻላል ማለት ይቀናኛል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ሾሌ» ውስጥ ሁለቱ ጓደኛሞች ባለ ጎን ተሳፋሪ ሞተር ሳይክል ላይ የሚዘፍኑትን ብዙ ሰው ኪሾር ለአሚታብ ነው ይላል። ኪሾር የዘፈነው ለዳርሜንድራ ነው፤ የአሚታብ ድምፅ ማና ዴይ ነው።

ከሁሉም የምወድለት በ1975 «ሚሊ» ለሚባል ፊልም የተቀረጸው ነው። ኤስ.ዲ. ቡርማን ልምምዱን ከኪሾር ጋር ከጨረሰ በኋላ በጠና ታመመ፣ ራሱንም ሳተ፤ ቀረጻው ያለ እሱ ተካሄደ። በኦክቶበር መጨረሻ ዐረፈ። ኪሾር እዚያ ላይ ቀልዱን ሁሉ አውልቆ ጥሏል። ዮድል የለ፣ ማሽኮርመም የለ። አንድ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ሲያወራ ነው።

ስለ እብደቱ የሚወራውን ሁሉ አልዘረዝርም። «ከኪሾር ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ደጁ ላይ ሰቅሎ ነበር፣ ግማሽ ክፍያ ሲሰጡት ግማሽ ፊቱን ብቻ ተቀብቶ ቀረጻ መጣ፣ ዛፎቹን በስም እየጠራ ያወራቸዋል። አንዳንዱን ራሱ ያስወራው ነው። ከጀርባው ያለውን ግን ማንም የፊልም ሠራተኛ ይረዳዋል፤ መጀመሪያ ክፈሉኝ ነው። ፕሮዲውሰር ነገ ነገ እያለ የሚጠፋበት ሥራ ነው። እሱ ጠበቃ ከመያዝ እብድ መምሰልን መረጠ።

በመንግሥት ፊት ግን እብድ አልሆነም። በ1976፣ ኢንድራ ጋንዲ በ1975 ያወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሳይነሳ፣ ለገዢው ፓርቲ ስብሰባ ዝፈን ሲባል እምቢ አለ። ዘፈኖቹ ከአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ታገዱ፤ እገዳው አዋጁ እስኪነሳ ቆየ። ያኔ ሬዲዮው አንድ ነው፣ የመንግሥት ነው። ለዘፋኝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም። የ1980ዎቹ ዲስኮ ብዙውን በልቶታል፣ ዜማውም እየሳሳ ነበር፤ እሱ ግን ጠዋትና ማታ ይቀርጻል። ሦስተኛ ጋብቻው ከዮጊታ ባሊ ጋር አጭር ነበር። አራተኛዋ ሊና ቻንዳቫርካር እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። መድረክ ላይ ሲወጣ ራሱን የካንድዋው ኪሾር ብሎ ያስተዋውቅ ነበር፣ ቦምቤይን ጥሎ ወደዚያው የመመለስ ሐሳብም ነበረው። በኦክቶበር 12 ቀን 1987 ከአሻ ቦስሌ ጋር አንድ ዘፈን ቀረጸ። በማግስቱ በልብ ድካም ሞተ፣ 58 ዓመቱ ነበር። ቀኑ የአሾክ 76ኛ ልደት ነው። አስከሬኑ ካንድዋ ተወስዶ እዚያ ተቃጠለ። በህንድኛ ብቻ የዘፈናቸው ከ2,500 ያልፋሉ፣ ቤንጋሊውና ሌላው ሳይቆጠር።

ስለዚህ «መጀመሪያውኑ ምንድን ነው» ላሉት፣ ምኞቱ ዘፋኝ ነው፣ ሥልጠናው ተዋናይ ነው። በእንጀራው ሲታይ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ተዋናይ፣ ከ1969 ወዲህ ዘፋኝ።

ከየት እንጀምር ለሚለው፦ ከአባትዎ ጋር ከሆነ «ፓዶሳን»ን ያስቀድሙ። በቀለም ነው፣ ያስቃል፣ ክርክራችሁም እዚያው መስኮት ላይ ይፈታል። ቀጥሎ «ቻልቲ ካ ናም ጋዲ»። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ልጆች ሊያዛጉ ይችላሉ፣ የጋራዡ ሌሊት እስኪደርስ ታገሱ። «ሃፍ ቲኬት» እንደ ፊልም ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ጊዜ ካጠረዎ የሁለት ድምፁን ዘፈን ብቻ ፈልገው ይመልከቱ። «አራዳና»ን አባትዎ አይተውታል። አሁን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ እንዲሰሙት ያድርጉ፣ ከዚያ የራፊ ድምፅ የትኞቹ ላይ እንደሆነ ይጠይቋቸው። የሐዘኑን ፊልም ለመጨረሻ ያቆዩት። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለውን ቅጂ ይምረጡ፤ ያ ያለ ቋንቋው ብዙም አይገባም።